ተረከዙን እዩ

ጅግጅጋ ላይ አዲስ ክሊፕ በወጣ ቁጥር የሚባለውን በቃሌ ይዤዋለሁ። «ጥራቱን አየኸው?» «ፎር ኬ እኮ ነው!» «ድሮኑስ!» ዘፋኙ የዱባይን ሕንፃ ከኋላው አድርጎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ነጭ ስኒከር ተጫምቶ ይወዛወዛል። ከስኒከሩ ሥር ግን ምንም የለም። ሕንፃው ጥላ አለው፤ መኪናው ጥላ አለው፤ የመብራት ምሰሶው እንኳ ጥላ አለው። ሰውየው ብቻ የለውም። አየር ላይ ተንሳፍፎ ስለ ፍቅር ይዘፍናል። ይህን ቤተሰብ ያደንቃል፤ ሠርግ ቤት በትልቅ ስክሪን ይታያል፤ ካሜራ የሚማሩ ልጆች «ሥራ ማለት እንዲህ ነው» ይባባላሉ። እኔ ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ለሠሪው አልጽፍም። ገንዘቡን ለሚያወጣውና ሙያውን ገና ለሚጀምረው ነው የምጽፈው። ከፋይ ማየት ሲችል ሠሪ ሳይወድ በግድ እጁን ያስተካክላል።

ፎከስ ስለ መያዝ፣ ብርሃን ስለ መመጠን፣ ካሜራ ስላለማንቀጥቀጥ አንድ ቃል አልናገርም። ይህን የማያውቅ ሰው ካሜራ ይዞ ሠርግ ቤት መግባት የለበትም። ከንፈርና ድምፅ አለመገጣጠሙንም ሕፃን ያየዋል። የእኔ ነገር ጥላ ነው፤ ከጥላም አንዲት ስንዝር የማትሞላ ቦታ፣ ተረከዝና ጥላ የሚገናኙባት።

ጥላን በስሙ የማይጠራ የለም። ሮከኞቹ ሲበዛ ይወዱታል። የእንግሊዝ ልጆች በ1959 እ.ኤ.አ. ባንዳቸውን ዘ ሻዶውስ አሉት፤ ጆይ ዲቪዥን በ1979 «ሻዶውፕሌይ»ን፣ ማይክ ኦልድፊልድ በ1983 «ሙንላይት ሻዶው»ን አወጡ። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ከ1966 እስከ 1971 «ዳርክ ሻዶውስ» የሚል ተከታታይ ድራማ አሳይቷል። በእኛም ዘፈን ወዳጅም፣ አባትም፣ አገርም ጥላ ይባላል። ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. በቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ከባድ ጊታር የአገራችንን ዜማ ተሸክሞ ሰማን፤ እንዲህ ያለ ሙዚቃ መድረክ ላይ የሚያምርበት ደግሞ መብራቱ ከኋላ መጥቶ ተጫዋቹን ጥቁር ቅርጽ ሲያደርገው ነው። ወደ እኛ ወደ ምሥራቁ የኤሌክትሪክ ጊታር በሌላ በር ገባ፤ ኢፍቲንና ዱርዱርን በመሳሰሉ የሞቃዲሾ ባንዶች ካሴት። ካሴት ጆሮ እንጂ ዐይን አይጠይቅምና ስለ ጥላ የዘፈነ ሰው ጥላውን እንዲያሳይ ማንም አላስገደደውም። ቪዲዮ ሲመጣ ግን ዕዳው መጣ። አሁን ስለ ጥላ እየዘፈነ ራሱ ጥላ የሌለውን ሰው በየስልኩ እናያለን።

ፊልም ሠሪዎቹ ጉዳዩን ቀድመው ያውቁታል። ጀርመኖች በ1920 «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔት»ን ሲሠሩ ጥላውን በቀለም ግድግዳና ወለል ላይ ሳሉት። ይህ ስህተት አይደለም፤ ቤቱም፣ መንገዱም፣ መስኮቱም የተሳለ ስለሆነ ጥላው ከዓለሙ ጋር ይስማማል። ሙርናው በ1922 «ኖስፈራቱ» ላይ ጭራቁን ትቶ ጥላውን ብቻ ደረጃ አስወጣው። ካሮል ሪድ በ1949 «ዘ ሰርድ ማን»ን ቪየና ላይ ሲሠራ ሮበርት ክራስከር የሰውን ጥላ ከሕንፃ አስረዝሞ በየግድግዳው ላይ አስሮጠው፤ ኦስካርም አገኘበት። ሦስቱን ያየ ሰው ጥላ ታሪክ እንደሚናገር ይገባዋል። ግን እነዚህን ፊልሞች የማያይ ሰው ይበዛልና ወደ ተረከዙ ልመለስ።

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከቤታችሁ ውጡና የራሳችሁን ጫማ እዩ። ጫማው መሬቱን በነካበት ቦታ ላይ ክር የመሰለ ጥቁር መስመር አለ። ከጥላው ሁሉ እጅግ የጠቆረው እሱ ነው፤ እዚያ የፀሐይም የሰማይም ብርሃን አይደርስም። ከዚያ መስመር ጣት ያህል ወጣ ስትሉ ጥላው መሳሳት ይጀምራል፤ ፀሐይ ባትደርስበትም ሰማዩ ከላይ ያበራዋልና ትንሽ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። ከጎኑ ነጭ ግድግዳ ካለ ግድግዳው ያነጣዋል፤ ቀይ አቧራ ካለ አቧራው ያሞቀዋል። ስለዚህ እውነተኛ ጥላ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም አይደለም። ሥሩ ላይ የጠቆረ፣ እየራቀ የሚሳሳ ነው።

አሁን ዳሩን እዩ። ተረከዙ ጋ የጥላው ዳር በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ወደ ጭንቅላቱ ጥላ ስትሄዱ ግን ይደበዝዛል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ ሰማያችን ላይ የግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት። ስለዚህ ጥላ ከሚጥለው ነገር በራቀ በእያንዳንዱ ሜትር ዳሩ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ይደበዝዛል። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ጋር እኩል በሚሆንበት ሰዓት የጭንቅላታችሁ ጥላ ዳር ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ይሰፋል። የሚናሬት ጫፍ ጥላ ደግሞ ከስንዝር በላይ ይደበዝዛል። ይህን ማንም ሊያስቀረው አይችልም፤ የሰማዩ ሥርዓት ነው።

ሐሰተኛው ጥላ የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። ኤዲተሩ ምን ያደርጋል? ሰውየውን ከግሪን ስክሪኑ ቆርጦ ያወጣል፤ ያንኑ ቅርጽ ቀድቶ ጥቁር ይሞላዋል፤ ያጋድመዋል፤ «ብለር» ይጨምርበታል። ብለሩ ከተረከዝ እስከ ራስ እኩል ነው። ጥቁረቱም እኩል ነው። ሥሩ ላይ ያ ክር የመሰለው መስመር የለም። ዐይን ይህን ሲያይ ምን እንደጎደለ ባያውቅም ሰውየው መሬት ላይ እንዳልቆመ ያውቃል። ተመልካቹ «የሆነ ነገር አለው» ብሎ ያልፋል፤ እኔ ግን የጎደለውን ነገር ስሙን እጠራለሁ፤ እናንተም ጥሩት።

ሕጌ ይህ ነው፤ አልለውጠውም፦ ተረከዙ ሥር ጥቁሩ መስመር የሌለበት ክሊፕ ገንዘብ አይከፈልበትም። ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ቢኖረው፣ ሄሊኮፕተር ቢያርፍበት፣ አይከፈልበትም።

ለዚህ ሁሉ ከዳንቶ ክሊፕ የተሻለ መፈተኛ የለም። ዳንቶ በእግር የሚጨፈር የሶማሌ ጭፈራ ነውና እግር ይነሣል፣ ይወድቃል። እግር ሲነሣ ጥላው ከጫማው ይላቀቃል፤ በጫማውና በጥላው መካከል ፀሐይ ያገኘው መሬት ይታያል። እግር ሲወድቅ ጥላው ሮጦ ይመጣና ከተረከዙ ጋር ይገጥማል፤ የሚገጥመውም ልክ ምቱ ላይ ነው። ከበሮውን ሳትሰሙ በጥላው ብቻ ምቱን መቁጠር ትችላላችሁ። በደንብ የተቀረጸ ዳንቶ ድምፁን ዘግታችሁ ብታዩት እንኳ ደም ያሞቃል። የተለጠፈ ጥላ ግን እግር ሲነሣ አብሮ ይነሣል፤ ወይም ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ከዚያም አቧራ አለ። በረገጠ ቁጥር የሚነሣው አቧራ የራሱ ሳሳ ያለ ጥላ አለው። ይህን የሚያስታውስ ኤዲተር ካገኛችሁ አትልቀቁት፤ እኔ እስካሁን አላገኘሁም። በእውነተኛ ሜዳ ላይ በእውነተኛ ፀሐይ ለቀረጸ ሰው ደግሞ ማስታወስ አያስፈልገውም፤ ፀሐይዋ ሁሉንም በነፃ ትሠራለታለች። ከጅግጅጋ ወጣ ሲሉ ያ ሁሉ ሜዳ እያለ በጠባብ ክፍል አረንጓዴ ጨርቅ ፊት መጨፈር ምን ይባላል?

ስለ ሶማሌ ሴቶች ቀሚስ፣ ስለ ዲራዕም ልናገር። ዲራዕ ስስ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። ስለዚህ ጥላው ጥቁር አይሆንም። ሙሽራዋ በመስኮት አጠገብ ስታልፍ ግድግዳው ላይ የምታዩት ሁለት ጥላ ነው፤ የሰውነቷ ጠቆር ያለ፣ በዙሪያው ደግሞ የጨርቁ ሳሳ ያለ፣ ጨርቁ ቀይ ከሆነ ቀላ ያለ፣ አበባ ካለው አበባው ጭምር የሚነበብበት። ሻሹ ጥቅጥቅ ካለ ጥላው ይጠቁራል፤ ከሳሳ ይሳሳል። ስሱን ጨርቅ ጥቁር ድፍን ጥላ አድርጎ የሚያወጣ ሰው ሙሽራዋንም ጨርቋንም አላየም። እናቶች ለዲራዕ ጨርቅ ስንት ሱቅ እንደሚዞሩ፣ ስንት ጊዜ ወደ ብርሃን አንሥተው እንደሚያዩት አይቻለሁ። ያ ሁሉ ምርጫ ቪዲዮው ላይ ጥቁር እድፍ ሆኖ ሲቀር አንጀቴ ይቃጠላል።

ከተረከዝ የተለያየ ጥላ የሚፈቀደው ሆነ ተብሎ ሲደረግ ብቻ ነው። የባሪ «ፒተር ፓን» መድረክ ላይ የወጣው በ1904 ነው፤ ልጁ ጥላው ጠፍቶበት ዌንዲ እግሩ ላይ ትሰፋለታለች። ታሪኩ ራሱ ስለዚያች ስፌት ነውና ይሁን። ድሬየር በ1932 «ቫምፓየር» ላይ ባለቤት የሌላቸውን ጥላዎች በየግድግዳው አስኬደ፤ ያም ሊያስፈራን ፈልጎ ነው፤ አስፈራንም። «ሮጀር ራቢት»ን በ1988 የሠሩት ሰዎች ደግሞ የተሳለውን ጥንቸል ከእውነተኛ ሰው ጋር ለማቆም ጥላውን ለብቻው ሥለው ጨመሩለት። በሥዕል የተሠራ ጥንቸል ጥላ ይገባዋል ብለው ያን ያህል ከደከሙ፣ በሥጋና በደም ለቆመ የእኛ ዘፋኝ ስንት እጥፍ ይገባዋል?

ጥላን ማየት ያስተማረኝ የፊልም ትምህርት ቤት አይደለም። የመጀመሪያው አስተማሪዬ ጅግጅጋ ውስጥ ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። መስኮታቸው ወደ ሰሜን ነው፤ አቡጀዲ ወጥረውበታል። በዚያ ብርሃን ፊት ያነሡት ሰው አፍንጫው ሥር ያለችው ጥላ ለስላሳ ሆና ከላይኛው ከንፈር ትቆም ነበር፤ ከንፈሩን አታልፍም። ካለፈች ካሜራውን አይነኩትም፤ ሰውየውን ትንሽ ያዞሩታል፤ «አገጭህን ዝቅ» ይላሉ፤ ይጠብቃሉ። ከአምስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ደጅ ላይ ፎቶ አያነሡም ነበር። ባለሥልጣን ቢመጣ፣ ሙሽራ ቢመጣ አያነሡም። «አሁን ዐይንህ ጉድጓድ ይሆናል፤ ሻይ ጠጣና ተመለስ» ይሉታል። ብዙ ሰው ተቆጥቶ ሄዷል፤ ተመልሶ ያልመጣ ግን አላስታውስም። ለተማሪ የሚሰጡት የመጀመሪያ ሥራ ካሜራ መያዝ አልነበረም። ደጅ አውጥተው ያቆሙህና ጥላህን እንድትነግራቸው ይጠይቁሃል፤ የት ይጠቁራል፣ የት ይሳሳል፣ ምን ቀለም አለው። «ጥቁር ነው» ያለ ልጅ በማግሥቱም ደጅ ይቆማል። እኔም ቆሜያለሁ።

ሁለተኛው አስተማሪዬ ካሜራ ነክተው አያውቁም። ቀብሪ በያህ የሚኖሩ ሙአዚን ናቸው፤ እኔ «አዴር» ነው የምላቸው። መስጊዱ ግቢ ውስጥ እንጨት ተክለዋል፤ ስልክ ሰዓት በሚናገርበት በዚህ ዘመን እንኳ በእንጨቱ ጥላ ያረጋግጣሉ። በሻፊዒ መዝሀብ የዐስር ሰላት የሚገባው ጥላው ቀትር ላይ ከነበረው በላይ በራሱ በእንጨቱ ቁመት ልክ ሲረዝም ነው። አንድ ቀን አንድ ድራማ በላፕቶፕ አሳየኋቸው። ተዋናዩ ከመስጊድ ግድግዳ አጠገብ ቆሞ ለጓደኛው «እንደምን አደርክ» ይላል። አዴር ወዲያው አስቆሙኝ። የእኛ አገር ቂብላ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ነው፤ የሰውየው ጥላ ደግሞ በቂብላው ቀኝ ወድቋል። «ይህ ልጅ ዙህርን ሰግዶ ዐስርን እየጠበቀ ነው፤ ለምን ይዋሻል?» አሉ። ከዚያ በኋላ ድራማውን ማየት አልፈለጉም። ስንት ሰው የደከመበትን ሥራ አንዲት ጥላ ጣለችው፤ መጣልም ነበረባት።

የጅግጅጋ ፀሐይ የራሷ ጠባይ አላት፤ ከሌላ አገር ቪዲዮ የተማረ ልጅ አይገባውም። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 6 ገደማ እና ነሐሴ 23 ገደማ፣ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። ያን ቀን ቀትር ላይ የቆመ ሰው ጥላውን ረግጦት ይቆማል። በሁለቱ ቀናት መካከል ባሉት ወራት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው ዓመት ወደ ሰሜን። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ታኅሣሥ 12 ቀትር ላይ ወደ ሰሜን የሚሄድ 1 ሜትር ከ10 የሚያህል ጥላ አለው፤ ሰኔ 14 ላይ ግን ወደ ደቡብ የምትሄድ ከ40 ሳንቲሜትር ብዙ የማትበልጥ ጥላ ብቻ ትኖረዋለች። «የሰኔ ምሳ ሰዓት ነው» እያለ በስተ ሰሜን ጥላ የሚያሳይ ድራማ ውሸታም ነው።

ሰዓታችን ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፤ ቀትራችን ግን አንድ አይደለም። ጅግጅጋ ወደ ምሥራቅ ስለምትርቅ ፀሐይ እኛ አናት ላይ የምትደርሰው ከአዲስ አበባ 16 ደቂቃ ያህል ቀድማ ነው። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ የእኛ ቀትር ስድስት ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ቡድን በለመደው ሰዓት ሲያቅድ ጥላው ወደ ማዶ ተሻግሮ ይጠብቀዋል። መጀመሪያው ስንኝ ላይ ዘፋኙ ጥላው በግራ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ በቀኝ፣ ከዚያ እንደገና በግራ። በአንድ ክሊፕ ውስጥ በሦስት ደቂቃ ፀሐይ ሁለት ጊዜ ስትወጣና ስትገባ ያየ ሰው እኔ ብቻ ልሆን አልችልም! ከተማው መሃል የሰይድ መሐመድ አብደላ ሐሰን የፈረስ ሐውልት አለ። ተማሪዎቼን እዚያ ወስጄ በየሰዓቱ የፈረሱን ጥላ በኖራ ምልክት እንዲያደርጉ አዛለሁ። ከዚያ ወዲያ ያንን አደባባይ ያሳየ ማንኛውም ክሊፕ ስንት ሰዓት እንደተቀረጸ ይነግሩኛል፤ ሁለት ሰዓት ላይ የተነሣን ምስል ከዘጠኝ ሰዓቱ ጋር የቀጠለውንም ያጋልጡታል።

ስለ ድሮን ሁለት ቃል ብቻ። ጆርጅ ስታይንሜትስ ኦማን ላይ ከአየር ያነሣውን የግመሎች ፎቶ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ግመሎቹ ቀጫጭን መስመሮች ሆነው ጥላቸው ነው ግመል የሚመስለው። የእኛ ልጆች ያንን ፈልገው ቀትር ላይ ድሮን ያነሣሉ። ቀትር ላይ ግመል ከላይ ሲታይ ጉብታ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንሡት፤ አለዚያ አታንሡት።

በአዳራሽ ውስጥ ደግሞ ሌላ በሽታ አለ። አንድ ሰው ሁለት ጥላ፣ ሦስት ጥላ ይዞ ግድግዳው ላይ ይዞራል፤ በሁለት በኩል እኩል መብራት ስለተተከለ ነው። ዋናው መብራት አንድ ይሁን፤ ሌላው በአቡጀዲ ይለስልስ። ከዘፋኙ በስተ ጀርባ ትልቅ ስክሪን የሚተክሉትም እንዲሁ፤ ስክሪኑ መድረኩን ሁሉ ያነጣዋል፤ ሰውየው ጥላ አልባ ይሆናል። የዘመኑ ስልክም ብዙ ምስል ደርቦ ጥላን ሁሉ ያነሣል፤ ፊት እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ ይሆናል። ይህን «ጥራት» ይሉታል።

የዛፍ ጥላ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ልጆቹ በስቱዲዮ ሊሠሩት ይሞክራሉና። ከግራር ሥር መሬቱ ላይ የምታዩአቸው የብርሃን ነጠብጣቦች የቅጠሉን ክፍተት ቅርጽ አይዙም፤ ክብ ናቸው። እያንዳንዱ ነጠብጣብ የፀሐይዋ ምስል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በተጋረደችበት ጠዋት እነዚያ ክቦች ሁሉ ማጭድ ሆነው ነበር፤ ከግራር ሥር የተቀመጠ ሁሉ ሰማዩን ሳያይ መሬት ላይ ግርዶሹን ማየት ይችል ነበር። የገጠሩ የምንጣፍ ጎጆ፣ አቃል ውስጥም በምንጣፉ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን እንዲሁ ክብ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ካርቶን ቀዶ በመብራት ፊት የያዘ ሰው የሚያገኘው ግን ሹል ሹል የቅጠል ቅርጽ ነው፤ ዳሩም ስለታም። ገጠር ያደገ ተመልካች ይህን አይቶ ለምን ዝም እንደሚል አይገባኝም። ዕድሜውን ሁሉ ከግራር ሥር ተቀምጦበታል!

ጥሩው የት አለ ለሚለኝ ሰው ሩቅ አልልከውም። ጄሲካ በሽር በ2021 እ.ኤ.አ. ሰንዳንስ ላይ ያቀረበችው «ፋያ ዳዪ» የተቀረጸው ሐረር ነው፤ ከእኛ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስለ ጫት ነው፤ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ካሜራውን የያዘችው ራሷ ናት። ሰው ከጨለማ ይወጣል፣ ወደ ጨለማ ይገባል፤ ጥላው ግን ሁልጊዜ ከየት እንደመጣ ይታወቃል፤ መስኮት አለ፣ በር አለ፣ ጭስ አለ። ከዚያ ቀደም ብሎ ኃይሌ ገሪማ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ም ጥቁርና ነጭ ነው። ባዶ እግሩን የሚሄደው ገበሬ መሬቱን ሲረግጥ ተረከዙ መሬቱን ይነካል፤ ክብደቱ ይሰማችኋል። ያን ክብደት የሚሰጠው እግሩ ሥር ያለው ጥላ ነው። ተማሪዎቼ ሁለቱን ፊልሞች ድምፁን ዘግተው እንዲያዩ አደርጋለሁ፤ አንዳንዶቹ ቀለም የለውም ብለው ያጉረመርማሉ። ቀለም ያምጡ፤ ግን መጀመሪያ ተረከዙን።

እንግዲህ ለሠርግም ለክሊፕም ገንዘብ ስትከፍሉ እንዲህ አድርጉ። ግማሹን ቀድማችሁ ስጡ፤ ግማሹን ያዙ። ሥራው ሲመጣ በስልክ አትዩት፤ ስልክ ተረከዝ አያሳይም። በትልቅ ቴሌቪዥን አስከፍቱት። ሙሉ ቁመት የሚታይባቸውን ቦታዎች ፈልጉ፤ ሠሪው ከደረት በላይ ብቻ ካሳያችሁ እግሩን ደብቋልና ጠይቁት። ምስሉን አስቁሙ፤ ተረከዙን እዩ፤ ጥቁሩ መስመር አለ? ወደ ጥላው ራስ ሂዱ፤ ዳሩ ደብዝዟል? ቀጥሎ ሦስት የተለያዩ ቦታዎችን መርጣችሁ ጥላው ወደ የት እንደወደቀ አነጻጽሩ። ዳንቶ ካለበት ምቱ ላይ አስቁሙት። ሙሽራ ካለችበት በመስኮት አጠገብ ያለፈችበትን አውጡና የዲራዑን አበባ ጥላው ውስጥ ፈልጉ። ሠሪው «ይህን ማን ያያል?» ካላችሁ ካሜራውን ይዞ በሚቀጥለው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ እንዲገናኛችሁ ቅጠሩት፤ የቀረውን ግማሽ ክፍያ ይዛችሁ ሂዱና ድጋሚ ከቀረጸ በኋላ ስጡት።